የተሸነፈ ቀድሞ ይቆርሳል

ሐመልማል ያልገባት ነገር ካለ እንቅልፍ አይወስዳትም። በ1996 ዓ.ም. የስፖርት መምህርት ሆና ሶዶ ስትመደብ ከሁሉ በፊት ያልገቧት ሰው ጋሽ ጩማ ናቸው። ሰውዬው ጸጉር አስተካካይ ናቸው። ቅዳሜ ለጸጉር አስተካካይ የገበያ ቀን ነው፤ እሳቸው ግን ሱቃቸውን ቆልፈው የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ በአመድ መስመር ያሰምራሉ፣ መረብ ይጠግናሉ፣ ኳስ ይነፋሉ። እዚያ የሚማር ልጅ የላቸውም፤ የሚከፍላቸውም የለም። «ምን ፈልገው ነው?» ብላ ስትጠይቅ ሁሉም «ጋሽ ጩማ ናቸዋ» ብሎ ያልፋታል። ይሄ ደግሞ መልስ ሆኖ ነው?

ከዚህ የባሰው የማን ደጋፊ እንደሆኑ አለመታወቁ ነው። ሶዶ ሲያገባ ያጨበጭባሉ፣ እንግዳው ሲያገባም ያጨበጭባሉ። ተመልካቹን እንደ ሠርግ አሳላፊ እየዞሩ የሚያስቀምጡትም እሳቸው ናቸው፤ የሶዶውን አባት ከበዴሳዋ እናት፣ የሁምቦውን ገበሬ ከሶዶው ነጋዴ ጎን። ጨዋታው ሲያልቅ ባለቤታቸው የቀቀሉት ቦይና፣ ያው ጎደሬ፣ ከሚያቃጥለው ዳጣ ጋር በኮባ ቅጠል ላይ ይቀርብና ሁለቱም ቡድን አብሮ ይበላል። ሕጉ አንድ ነው፦ የተሸነፈ ቀድሞ ይቆርሳል። እሱ ካልቆረሰ አሸናፊው እጁን አይሰድም።

ይህን ሕግ ያወጡት አንድ ጊዜ ከጨዋታ በኋላ የእንግዶች መኪና በድንጋይ ከተደበደበ ወዲህ ነው። «አብሮ የቆረሰ ሰው ድንጋይ ለማንሳት እጁ ይከብደዋል» ይላሉ። ከዞን የመጡ ሰዎችም እንዲህ ያለ ነገር ከተደገመ ውድድር የሚባል ነገር እንደማይኖር ቁርጡን ተናግረው ሄደዋል።

የሴቶቹ የእግር ኳስ ፍጻሜ ዕለት የበዴሳ ልጆች በአይሱዙ እየዘፈኑ ደረሱ። አሸናፊው ዞኑን ወክሎ አዋሳ ይሄዳል። ዳኛው ግን የለም፤ አጎቱ ሞተውበት ቦምቤ ለቅሶ ሄዷል። ለለቅሶ ማን ምን ይላል? ሐመልማልና የበዴሳው አሠልጣኝ ደገፉ ተያዩና በአንድ አፍ «ጋሽ ጩማ ያጫውቱን» አሉ።

ጋሽ ጩማ ፊታቸው ተለወጠ። ሐመልማልን ወደ ጎን ወሰዷት።

«ቲቸር፣ እኔን ተይኝ።»

«ለምን? ሁለቱም ወገን የሚያምነው እርስዎን ነው እኮ።»

«የሚያምነኝ ፊሽካ ስላልያዝኩ ነው። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ልጥል?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ የሶዶ ነኝ። በዴሳ ሲያገባ እያጨበጨብኩ ሆዴ እርር ይላል።»

ሐመልማል ሳቋ መጣ። ዓመቱን ሙሉ ስታሳድደው የኖረችው ምስጢር ይኸው ነው? ግን ሳቋን ዋጠችው፤ ሰውዬው የምራቸውን ፈርተዋል። ሀብታቸው መታመናቸው ብቻ ነው፤ በዚያ ከተማ ማንም ከማንም ቢጣላ ከጩማ ጋር የተጣላ የለም። ፊሽካ ከነፉ አንዱ ወገን ይቀየማቸዋል። ከዚያ ወዲያ እሳቸው ባስቀመጡት ቦታ ማን ይቀመጣል?

«እርስዎ ካላጫወቱ ልጆቹ ሳይጫወቱ መመለሳቸው ነው» አለቻቸው። ጋሽ ጩማ አይሱዙው ላይ የሚዘፍኑትን ልጆች አዩ። ከዚያ ለፊሽካው እጃቸውን ዘረጉ።

ጨዋታው አንድ ለአንድ ሆኖ ሊያልቅ ሲል ከማዕዘን የተመታች ኳስ ሶዶ ጎል አፍ ላይ ወረደች። የሶዶዋ አምበል ትዕዛዝ ዘላ መለሰቻት። በደረቷ ይሁን በእጇ፣ ሐመልማል ከቆመችበት አልታያትም። ጋሽ ጩማ ግን ነፉ። ፔናሊቲ። በዴሳ አገባ፤ ጨዋታውም በዚያው አለቀ።

የትዕዛዝ አባት አቶ ሰብስቤ ከጋሽ ጩማ ጋር አጥር የሚጋሩ፣ ለዘመን መለወጫው ለጊፋታ በየዓመቱ በሬ አብረው የሚያርዱ ሰው ናቸው። «ጩማ፣ ልጄን ሸጥካት» አሉ ሜዳው ሁሉ እየሰማ።

ኮባው ተነጠፈ። የበዴሳ ልጆች ዙሪያውን ቆመው ጠበቁ። የሶዶዎቹ አጥሩ ጋ ሄደው ጀርባቸውን ሰጡ። ከደጋፊዎቹ አንዳንድ ጎረምሶች መሬት መሬት ያያሉ፤ ድንጋይ እንደሚፈልጉ ሐመልማል ገባት። ጋሽ ጩማ ኮባው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ያን ሁሉ ሰው ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ የኖሩ ሰው፣ ከጎናቸው አንድም ሰው የለም። ሄዳ አጠገባቸው ልትቀመጥ እግሯን ስታነሳ ትዕዛዝ ቀደመቻት።

ልጅቷ ጭቃ በጭቃ እንደሆነች መጥታ ተንበረከከችና ቦይናውን ቆረሰች። «በእጄ ነው የነካኋት» አለች፣ ማንንም ቀና ብላ ሳታይ። «ሳላስበው እጄ ቀደመኝ።» ጎረሰችና እያለቀሰች ማኘክ ጀመረች። የበዴሳዋ አምበል አጠገቧ ቁጢጥ ብላ ዳጣውን አስጠጋችላት። ቀስ በቀስ ሌሎቹም ከአጥሩ መጡ። አይሱዙው አንድ መስታወት ሳይነካ በሰላም ሄደ።

አቶ ሰብስቤ ግን ሳይቆርሱ ቤታቸው ገቡ። ልጃቸው አምናለች፤ እሳቸው ግን በሰው ፊት መዋረዳቸው አንገብግቧቸዋል። ሰላምታ ቀረ። ጢማቸውን ሌላ ጸጉር ቤት ሄደው አላስላጩም፤ አሳደጉት። በሱቁ በር ሲያልፉ ጋሽ ጩማ መቀሱን አስቀምጠው እጅ ይነሷቸዋል፣ እሳቸው ወዲያ ያያሉ። ጊፋታ ሲቃረብ፣ ቂም ይዞ ጊፋታ አይገባምና፣ ሽማግሌዎች ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመሩ። አቶ ሰብስቤ «እኔ ገና ነኝ» ብለው መለሷቸው።

በዚያው ሰሞን የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። ከሁምቦ ቡድን ይመጣል፣ ማን ያጫውት ተባለ። ጋሽ ጩማም ተጠርተው ከኋላ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ሐመልማል ስማቸውን ልትጠራ ፈልጋ ፈራች። ይሄኔ አቶ ሰብስቤ ከፊት ወንበር ጢማቸውን እያሻሹ ተነሱ።

«ጩማ ይሁን» አሉ፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ። «እኔ አላናግረውም። ፊሽካውን ግን አምነዋለሁ።»