በአባ ይመር ጋቢ ሥር ያሉት ልጆች

እኔን ብሎ ሳል ጠባቂ! የራሷን ፍየል ጠብቃ የማታውቅ፣ ጅብ ሲበላባት የኖረች ሴትዮ፣ በስተርጅና የሰው ሳንባ ልጠብቅ ተነሣሁ። ምን አቀበጠኝ?

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ነው። ከወለጋ ተፈናቅለን ደብረ ብርሃን መጠለያ ከገባን ገና ዓመት አልሞላንም። ከጤና ጣቢያ አንዲት ሲስተር መጣችና ሰበሰበችን። "ቲቢ ያለበትን የምትጠቁም፣ መድኃኒቱን ሲውጥ የምታይ በጎ ፈቃደኛ እፈልጋለሁ። የማትፈራ ማናት?" አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አክብረውኝ መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ለካ አፈኛ ናት ማለታቸው ነው።

"ማንበብ አልችልም" አልኳት።

"ሳል መስማትስ፣ እማማ?"

"እሱንማ ሳልፈልግም እሰማለሁ፤ ቤታችን ሸራ ነው።"

ሰደርያ ሰጠችኝ፤ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል። ክዳን ያለው የአክታ ዕቃም ሰጠችኝ። ሁለት ሳምንት የሳለውን ሰው ጠዋት ከድንኳን አውጥቼ፣ ነፋስ ላይ አቁሜ፣ ከደረቱ ስቦ እንዲተፋ ማድረግ ነው ሥራዬ። ስንቱ ምራቁን እንትፍ ብሎ ሊሸውደኝ ሞከረ! "ይሄ ለዝንብ ነው፤ ድገም" እላለሁ። መድኃኒት የጀመረውን ደግሞ በየጠዋቱ ሄጄ ሲውጥ አያለሁ፤ ምላስ አንሣ እላለሁ። ሽማግሌ ሳይቀር ምላሱን አንሥቶልኛል።

ከነሱ አንዱ አባ ይመር ናቸው። አክታቸው ላይ ቲቢ ተገኘ። እንዲህ ሲሆን አብሮ የሚያድር ሁሉ ይመረመራል፣ በተለይ ሕፃን። አንድ የጤና ባለሙያ የድንኳን ዝርዝር ይዞ መጣ።

"አባት፣ አብሮዎት ማን ይኖራል?"

"ብቻዬን ነኝ።"

"ልክ ነው፣ ዝርዝሩም ብቻቸውን ነው የሚለው" ብሎ ወረቀቱን አጠፈ።

ደሜ ፈላ! ከቆላ የመጣን ሽማግሌ በዚህ ውርጭ ማን ብቻውን ያሳድራል? በእኛ ደንብ አያት ብቻውን አይተኛም። ልጃቸው ከነሚስቱና ከነልጆቹ የተመዘገበው ፊት ለፊት ካለው ድንኳን ነው። ሲመሽ ግን አራቱም ልጆች ተሻግረው ከአያታቸው ጋቢ ሥር ይገባሉ። ትንሿ ሀያት ደረታቸው ላይ ነው የምትተኛው። ሰሞኑን ገላዋ ያተኩሳል፤ አንገቷ ቀጭን ሆኗል።

"አራት ልጅ አለ!" አልኩ።

አባ ይመር ፊታቸውን አዞሩ። ምራታቸው ዘሃራ እየሮጠች መጣች። "እማማ ብርቄ፣ በአላህ ዝም በይ! አብረው ያድራሉ ከተባለ አንዱን ድንኳን ይነጥቁናል!"

ባለሙያው፣ "እዚህ ድንኳን ላይ ስላልተመዘገቡ እኔ ልጽፋቸው አልችልም" አለ።

"ልጄ፣ በሽታው ዝርዝር አይቶ ነው የሚይዘው?"

"መመሪያው ነው፣ እማማ።"

"እንግዲያው መመሪያህ ዛሬ እዚህ ይደር። ብርድ ልብስ እኔ እሰጠዋለሁ።"

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ዘሃራን ወደ ጥግ ወስጄ፣ "ድንኳን ይሻልሻል ወይስ ልጅ?" አልኳት። አለቀሰች። በማግሥቱ ሀያትን አዘለች፤ እኔ ሦስቱን እየነዳሁ ጤና ጣቢያ ሄድን።

"ሲስተር፣ ወረቀታችሁ ያላያቸውን አመጣሁልሽ" አልኳት። መረመረቻቸው። ሀያት ላይ ቲቢው ተገኘ። እሷ መድኃኒት ጀመረች፤ ሌሎቹ መከላከያ ተሰጣቸው።

ዘሃራ የፈራችውም አልቀረም። የታመመ ሕፃን አለ ሲሉት ያልመጣ የመጠለያው አስተባባሪ፣ ትርፍ ድንኳን አለ ሲሉት እየሮጠ መጣ! ሲስተሯ፣ "አባ ይመር ለብቻቸው፣ አየር ባለበት መተኛት አለባቸው" ብላ ተሟገተችው። እኔም በሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሊያነሣኝ አልደፈረም። ድንኳኑ ተረፈ።

ከዚያ ወዲህ እኔን ሲያይ ሸራውን የሚዘጋ ሰው በዛ። ቀስ ብሎ ይሳላል፣ የማልሰማ መስሎት።

ከዚህ ሥራ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ሰው መመርመር ያለበት በተመዘገበበት ሳይሆን ባደረበት ነው።

በቀደም ጎረቤቴ ወይዘሮ ሙሉ፣ ሀያትን አንሥታ ትንሽ ይዛት መልሳ አወረደቻትና፣ "እማማ ብርቄ፣ እውነቱን ልንገርሽ? እዚህ መጠለያ አንቺን የሚወድ ሰው የለም" አለችኝ። "ልጅቷ ግን ከብዳለች።"