መንታ መዶሻዎች

ባሌን ሰፈሩ «ቀስበል» ይለዋል። ቅጽል ስሙን ያወጣለት የገዛ አፉ ነው፤ የዛገ ብሎን ሲፈታ «ቀስ በል፣ ቀስ በል» እያለ ያባብለዋል። ብሎኑን ነው የሚያባብለው። እኔን በትዳራችን ዘመን አንድ ቀን እንኳ በዚያ ድምፅ አናግሮኝ አያውቅም፤ ስላልዛግሁ ይሆናል።

የአሮጌ መኪና ሊቅ ነው ይሉታል። ሰው መኪናውን አስጎትቶ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ድረስ ይመጣለታል። ሲያመሰግኑት አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል፤ ዝምታው ዐዋቂ ያስመስለዋል። እውነቱን የምናውቀው ቤተሰቦቹ ነን። አሮጌ መኪና ላይ የተካነው መርጦ አይደለም፤ ቁልፎቹ ናቸው የመረጡለት።

ድሮ ባሌና ታላቅ ወንድሜ አንድ ጋራዥ ነበራቸው። ተጣሉና ዕቃ ተካፈሉ። ክሪኩን ወንድሜ ወሰደ፣ ሞርሳውን ባሌ። የመፍቻ ቁልፎቹ ላይ ሲደርሱ ሁለቱም አልለቅም አሉ፤ በመጨረሻ ሙሉ ቁጥሮቹ ለወንድሜ፣ ጎዶሎዎቹ ለባሌ ሆኑ። አሥር፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አራት ወደዚያ ሄዱ፤ አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ዘጠኝ ወደዚህ መጡ። እንዲህ ያለ ክፍፍል የሚያፈልቅ ጭንቅላት ያለው በሁለቱ ትከሻ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አዲስ መኪና ሲመጣ የባሌ ቁልፍ አልገጥም አለ፣ አሮጌ ሲመጣ የወንድሜ። አንዱ የአዲስ፣ አንዱ የአሮጌ ሊቅ ሆነው ቁጭ አሉ። የጎደለውን ቁልፍ መግዛት ይችሉ ነበር፤ ግን ያ መሸነፍ ይሆንባቸዋል።

አንድ ቀጥቃጭ የሠራቸው፣ ክብደታቸው እኩል፣ እጀታቸው ከአንድ እንጨት የወጣ ሁለት መዶሻዎችም ነበሯቸው። አንዱን አንዱን ወሰዱ።

የተጣሉበትን ምክንያት ሳወራ ሰው ይስቅብኛል። አንዳንድ የተጣበቀ ብረት የሚላቀቀው በሁለት መዶሻ ነው፤ አንዱ ከወዲህ ሌላው ከወዲያ ሆነው በአንድ ቅጽበት ሲመቱት ይለቃል። ባሌና ወንድሜ ያኔ የሚታወቁት በዚህ ነበር። ቆጥረው አያውቁም። ባሌ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ሁለቱም ይመታሉ፣ አለቀ። አንድ ቀን ግን ባሌን ጉንፋን ያዘውና ሳሉ አላባራ አለ። የትኛው ሳል ምልክት፣ የትኛው ጉንፋን እንደሆነ መለየት ስላልተቻለ እንቁጠር ተባባሉ። አንዱ «ሦስት» ሲባል መታ፣ ሌላው «ሦስት» ተብሎ ካለቀ በኋላ። መሃል ላይ የወንድሜ አውራ ጣት ነበረች። ጥፍሩ ወልቆ አዲስ እስኪበቅል ድረስ በ«ሦስት» ሲነታረኩ ከረሙ፤ ጥፍሩ በቀለ፣ ኩርፊያው ግን እንዳለ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ቤቴን ረግጦ አያውቅም። ከእኔ ጋር አልተጣላንም፤ ዳቦ ቤት በር ላይ ስንገናኝ ይስመኛል፣ ልጆቹን እጠይቀዋለሁ፣ ከዚያ እንደ መንገደኛ ቆመን አውርተን እንለያያለን። የሚኖረው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። በፊት ግን ማታ ማታ ይመጣና የልብስ ስፌት መኪናዬ አጠገብ ያለውን ወንበር ይዞ «ይሄ ሻይ ነው ውሃ?» እያለ ሦስት ብርጭቆ ይጠጣ ነበር። ናፈቀኝ። በሁለት ደረቅ ወንዶች የተነሣ ከገዛ ወንድሜ ጋር መንገድ ላይ ቆሜ ማርጀቴ አንጀቴን ያሳርረዋል።

እንዲህ ሳለን አባቴ በመኪናው የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ወጣ። አባቴ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ አሁን የሚነዳው በዕድሜ እኔን የምትበልጥ፣ ጀርባዋ ክብ የሆነ፣ ድሮ ነጭ የነበረች መኪና ነው። እሱ እንደሚለው ጠርዙ ነው ወደ እሱ የመጣው። ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያገናኘው የመሪ ዘንግ ጎበጠና መኪናዋ ቀጥ በይ ሲሏት ወደ ግራ የምትሄድ፣ ቀኝ ሲሏት የምታስብበት ሆነች። ዘንጉ ወጥቶ መቃናት አለበት። እንዲወጣ ደግሞ በቀኝና በግራ ጫፉ ያሉት፣ ከጎማዎቹ ጋር የሚያይዙት አንጓዎች መላቀቅ አለባቸው። እነሱ ከተገጠሙ ጀምሮ የነካቸው የለም፤ ዝገቱ ከቀዳዳቸው ጋር አንድ አድርጓቸዋል። መለዋወጫ እንዳይፈለግ የሠራቸው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል። አንጓ ከተበላሸ መኪናዋ ከዚያ ወዲያ የዶሮ ቤት ናት።

ባሌ ግቢያችን ውስጥ ባለው ጋራዥ ከቀኙ ጀመረ። የአንጓውን ብሎን የሚያስረውን ዳዶ ከጫፉ ሳያወጣ አላላውና መሣሪያዎቹን መሬት ላይ ደርድሮ ይመርጥ ገባ። የደረደረው እኔ ለደንበኛ ቀሚስ በቆረጥሁት ጨርቅ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሹካውን አነሣ። ሁለት ጥርስ ያለው ወፍራም ብረት ነው፤ ከአንጓው ሥር ያለው ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ በመዶሻ ሲመታ አንጓውን ይፈነቅለዋል። ፈንቅሎ ግን ግሪሱን የያዘውን የላስቲክ ቆብ ይቀደዋል። ባሌ ሹካውን አየ፣ ቆቡን አየ፣ ሹካውን መልሶ አስቀመጠ። ቀጥሎ እሳት አሰበ። ወንበር አስመጥቶ ሥራውን ሲቆጣጠር የነበረው አባቴ፣ ቆቡ ከቀለጠ አንተንም አቀልጥሃለሁ አለው። ጎረቤታችን ቆርቆሮ ሠሪው በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ የብሎኑን ጫፍ በመዶሻ አቅምሰው ብሎ መከረ። የብሎኑ ጥርስ ከተጨፈለቀ ዳዶ እንደማይዝ ሲያስረዱት እሺ እሺ አለና ምክሩን ከመጀመሪያው ደገመው።

ትክክለኛው መሣሪያ መንቀያው ነበር። ሁለት ክንዶቹ አንጓውን ያቅፋሉ፣ መሃሉ ያለው ብሎን ሲጠብቅ እየገፋ ያላቅቀዋል፤ ቆብ አይቀድም፣ ጥርስ አያበላሽ። ባሌ ትልቅና ትንሽ አለው። ትልቁ በቀኝ በኩል ከሞተሩ ሥር ያለው ብረት መንገድ ዘግቶበት አልገባ አለ። ትንሹም ለጥቂት እንቢ ሲል ባሌ ሞረድ አንሥቶ ክንዶቹን አቀጠናቸው። «ቀስ በል፣ ቀስ በል» እያለ አስገባው። ማጥበቅ ሲጀምር የቀጠነው ክንድ ተጣመመና ተፈናጥሮ ልብስ የዘፈዘፍሁበት ሳፋ ውስጥ ገባ። ባሌ እጁን ሳሙናው ውስጥ ከትቶ ሲፈልገው አባቴ፣ ዓሣ ካገኘህ ለእኔም አውጣልኝ አለው።

ያን ጊዜ የሁለት መዶሻ ነገር ተነሣ። አንዱ አለ፤ ለሌላው የቆርቆሮ ሠሪውን መዶሻ ከነባለቤቱ ተዋሱ። ሰውዬው ደስ ሲለው እየመታ ብረቱን ትቶ ጎማውን ደበደበው። ከዚያ እኔን አስያዙኝ፤ ክንዴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ነዘረኝና ወርውሬው ገባሁ። ባሌ ተከትሎኝ መጥቶ ደፉ ላይ ቆመ። የሚለው ከአፉ ሳይወጣ ገባኝ፤ ግን ይበለው ብዬ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባቴን ቀጠልሁ።

«መዶሻውን ለምነሽ አምጪልኝ» አለ። «መዶሻውን ብቻ።»

ክሩን ሳላስገባ ብድግ አልሁ። ወንድሜ ወለሉ የሚያብረቀርቅ ጋራዥ ውስጥ እጁን እየጠረገ አዳመጠኝ። ያልጠየቀኝ ነገር የለም፤ ቀኙ ነው ግራው፣ ዳዶውን ከነጭራሹ አውጥቶታል ወይስ ጫፉ ላይ ትቶታል፣ ሹካ ነክቶታል ወይ። ሹካ አልነካውም ስለው ፊቱ ፈታ አለ። ከዚያ ኩርፊያው ትዝ አለውና ግንባሩን ቋጠረ።

«ንገሪው፤ መዶሻው ያለ እኔ አይወጣም።»

ተመልሼ ነገርሁት። ባሌ የጠራው መዶሻ እንጂ ሰው እንዳልሆነ በሰፊው አብራራ። እኔም መዶሻው ከነሰውዬው ካልሆነ አይመጣም፣ ካልፈለግህ ደግሞ አንጓውን በጥርስህ ንቀለው አልሁት። ይምጣ አላለም፣ አይምጣም አላለም፤ ሄዶ የወለሉን ዘይት በመጋዝ ዱቄት መጥረግ ጀመረ። በሕይወቱ ጠርጎት አያውቅም።

ወንድሜ በማግስቱ መዶሻውን በፎጣ ጠቅልሎ መጣ። አባቴን ሳመ፣ እኔን ሳመ፣ ባሌን እንደ ምሰሶ አለፈው። ሁለቱ ከጎማው ወዲህና ወዲያ በጀርባቸው ተኙ። አፍንጫና አፍንጫቸው ሊነካካ ምንም አልቀረው፤ ወሬው ግን በእኔ በኩል ነበር። መብራቱን ዝቅ እንዲያደርገው ንገሪው፣ እጁን እንዲሰበስብ ንገሪው። አባቴ እኔ እንድቆጥር ፈረደ። ገና «አንድ» ሳልል ወንድሜ ከመኪናው ሥር፣ «ሦስት ስትይ ነው ወይስ ካልሽ በኋላ? ጠይቂው» አለ። ሁለቱንም በእግራቸው ጎትቼ አውጥቼ በገዛ መዶሻቸው ብላቸው ደስ ባለኝ።

ቆጠርሁ። ቀጭ፣ ቀጭ። ሁለት ድምፅ። ደግሜ ቆጠርሁ፣ አሁንም ሁለት። በዚህ መሃል ከላይ የረገፈው ዝገት ባሌ ፊት ላይ ወረደና ጉሮሮው ውስጥ ገባ። ሳያስበው ጉሮሮውን ጠረገ።

አንድ ድምፅ ብቻ ተሰማ። አንጓው ከቀዳዳው ወጥቶ በዳዶው ላይ ተንጠለጠለ። ሁለቱም መዶሻቸውን እንደያዙ አልተነቃነቁም። የመቱት እጆቻቸው ናቸው እንጂ እነሱ አልነበሩም፤ እንደኔ ሁለቱም ደንግጠዋል።

«ለመሳል ነው ሁለት ቀን ያስቀመጣችሁኝ?» አለ አባቴ።

አሁን ይነጋገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። ወንድሜ ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ፣ መዶሻውን በፎጣው ጠቀለለ፣ ሻይ ስለው ሥራ አለኝ አለ። ባሌ ጀርባውን ሰጥቶ ዕቃ ይለቅም ነበር። የቀረው ግራው ነው፤ በግራ በኩል ደግሞ ምንም የሚከለክል ብረት ስለሌለ ትልቁ መንቀያ ሰተት ብሎ እንደሚገባ እኔም፣ አባቴም፣ ወንድሜም አይተናል። ወንድሜን ወደዚህ ቤት የሚያመጣው ምክንያት አለቀ። በሩ ሲዘጋ ወጥ ቤት ገብቼ የታጠበ ብርጭቆ እንደገና አጠብሁ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መቀሴን ፍለጋ ወደ ጋራዡ ወጣሁ። የጨርቅ መቀሴን ካርቶን እየቆረጠ ያዶለዱምብኛል። ባሌ ከመኪናዋ በግራ በኩል ተንበርክኮ ትልቁን መንቀያ ገጥሟል። ቁልፉን ሁለቴ አዞረው፤ ቀጭ አለና አንጓው ወጣ። እንዲያው በቀላሉ። ባሌ ግን ደስ ያለው አይመስልም፤ መዳፉ ላይ ይዞ አገላበጠው። ከዚያ ወዲያ ወዲህ ቃኝቶ፣ በሩ ላይ የቆምሁትን እኔን ሳያይ፣ አንጓውን ወደ ቀዳዳው መለሰው። በመዶሻ አጠበቀው። ዳዶውን አስገብቶ ቁልፉ ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቶ፣ ደም ሥሩ እስኪገታተር ድረስ አሠረው። በመጨረሻ አቧራ በተቃጠለ ዘይት ለውሶ ላዩን ቀባው።

መቀሴን ሳልጠይቅ ተመለስሁ።

ጠዋት ልብስ ስሰፋ መጥቶ ደፉ ላይ ቆመ። መሬት መሬት እያየ፣ «ንገሪው፤ ግራው ከቀኙ የባሰ ነው» አለኝ።

ከክሬ እንኳ ቀና ብዬ ሳላየው እሺ አልሁ።

ወንድሜ ፎጣውን ይዞ መጣ። አባቴ ገና ወንበሩ ላይ አልተሰየመም። ወንድሜ በግራ በኩል ተንበረከከና አንጓውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ ያችው ጥፍሯ የወለቀባት ጣት ናት። ዘይቱና አቧራው ተጠረገለት። ከሥሩ የአንጓው ብሎን ጫፍ ላይ መንቀያው የተወው ጉድጓድ አለ፤ አዲስ ስለሆነ ያበራል። ወንድሜ አየው። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እኔ ጣራውን አየሁ። ባሌ ያልቆሸሸ ቁልፍ በጨርቅ ይወለውላል፤ ጆሮው ድረስ ቀልቷል።

ወንድሜ የጠረገውን አቧራ በአውራ ጣቱ መልሶ ለጠፈው።

«ይሄማ ዛሬ የሚያልቅ አይደለም» አለ። ያለው ለእኔ አይደለም።

ባሌ ቁልፉን አስቀመጠ። «ማን ቸኮለ፣ ጋሼ?»

ወንድሜ ጃኬቱን አውልቆ ወደ እኔ ወረወረውና በጀርባው ተኛ። ከመኪናው ሥር ሆኖ፣ እዚህ ቤት ሻይ የሚባል ነገር ቀርቷል ወይ፣ ያ ውሃ የሚመስለውም ቢሆን ይሁን ብሎ ጮኸ። ጃኬቱን ወንበሩ ላይ ሰቅዬ ገባሁና ማንቆርቆሪያውን ጣድሁ። የባሌ ጉሮሮ ሲጠረግ በመስኮቱ ተሰማኝ። ከዚያ መዶሻዎቹ ተሰሙ፤ አንዱ ቀደመ፣ ሌላው ቆይቶ ተከተለ። እንደገና ጉሮሮ፣ እንደገና አንዱ ቀድሞ አንዱ ተከትሎ። እሳቱን ቀነስሁት።