የበቅሎ ቃጭል ያሰርኩላት መኪና

እኔ ሌላ ሰው በያዘው መሪ አልሄድም። ይህን ደባርቅ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዕድሜዬን ሙሉ የጭነት መኪና ይዤ ሊማሊሞን ስወርድና ስወጣ ኖሬ፣ በስተርጅና ሚኒባስ ኋላ ወንበር ላይ ከጆንያና ከዶሮ ጋር ታጭቄ፣ አንድ ጎረምሳ ማርሽ ሲያንገጫግጭ እየሰማሁ ልሄድ? አልሄድም። የምነዳለት ነጋዴ መኪናውን ሸጦ እኔ ያለ መሪ የቀረሁ ቀን፣ እግሬ እስካደረሰኝ በእግሬ፣ ካልሆነ ቤቴ እቀመጣለሁ አልኩ። ተቀመጥኩም።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ቢኖር ፊርማዬን ነው። እንግዲህ እንደማወራው ነው የምጽፈው፣ ያልጣመው ይተወው።

ባለቤቴ ቀደም ብላ አርፋለች። ልጄ አዲስ አበባ ነው። ከእናቴ ልጆች የቀረችኝ ዳባት ያለችው ታላቅ እኅቴ ብቻ ነበረች። ዓይኗ ጠፍቷል። ባሏ ሞቶ፣ ልጆቿ ተበትነው፣ ከአንዲት የቤት ሠራተኛ ጋር ነው የምትኖር። የጭነት መኪና በያዝኩበት ጊዜ ከጎንደር ስመለስ ደጇ ላይ ቆም እላለሁ። ሞተሩን አላጠፋም። እሷ የሞተሩን ድምፅ ሰምታ ግድግዳውን እየዳሰሰች ትወጣለች፣ እኔ ስኳሩን ወይም ላምባውን አቀብላታለሁ፣ አንድ ነገር ትለኛለች፣ ራሴን ነቅነቅ አደርጋለሁ፣ እሄዳለሁ። ስንት ዓመት እንዲህ ነበር የምንገናኘው።

መኪናው ሲቀር እኔም ቀረሁ። ዳባት ሩቅ አገር አይደለም፣ ግን ለኔ እግር ሩቅ ሆነ። እሷ በመንገደኛ መልእክት ትልክብኛለች። አንድ ቀን ከዳባት የመጣ ዘመድ ገበያ ላይ አገኘኝና፣ «ሞቶም እንደሆነ ንገሩኝና እርሜን ላውጣ ብላለች» አለኝ። ስቄ አለፍኩት። ቤቴ ገብቼ ግን ሳቁ አልቀጠለም።

ይህን ልጄ ሰማ። ማን እንደነገረው አላውቅም። በስልክ፣ «አባዬ፣ መኪና ልኬልሃለሁ» አለኝ።

«የምን መኪና?»

«ባለሦስት እግር ናት፣ ኋላዋ የዕቃ መጫኛ አለው። ቤንዚን የለ፣ ናፍጣ የለ። በመብራት ነው የምትሠራው። እንደ ስልክ ሰክተህ መሙላት ነው።»

«ስልኩስ እዚህ አገር መቼ ይሞላል? መብራት ሲኖር አይደለም?»

«ሲኖር ትሞላታለህ።»

«ማርሿስ?»

«ማርሽ የላትም።»

«ማርሽ ከሌላት እኔ ምን ላደርግላት ነው?»

«መሪዋን መያዝ ብቻ ነው፣ አባዬ።»

በጭነት መኪና ላይ ታስራ መጣች። ስትወርድ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየ። አንዱ፣ «ጋሼ፣ ይቺ እኮ የሰርግ አልጋ ነች!» አለ። ሌላው፣ «ሊማሊሞን ያየች እንደሆነ ታለቅሳለች» አለ። መሪዋን ይዤ ግቢ አስገባኋት። ድምፅ የላትም። ከኋላዬ ያሉት መሄዴን ያወቁት ሲያጡኝ ነው።

የመብራት መኪና ማለት እንግዲህ ምን እንደሆነ ያኔ ተማርኩ። በኛ ግቢ ለአራት ቤት ያለው ቆጣሪ አንድ ነው። ቻርጀሩን ስሰካው አምፖሉ ሁሉ ፍም የሚመስል ይሆናል። ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ፣ «ጋሼ! መኪናዎትን ይንቀሉልኝ፣ ስቶቬ ላይ የጣድኩት ሽሮ ውኃ ሆኖ ቀረ!» ትላለች። እነቅላለሁ። ሽሮው ሲበስል፣ «አሁን ያብሏት» ትለኛለች። መብራቱ ደግሞ ሄደ ሲባል ዝም ብሎ ይሄዳል፣ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። እንዲህ በሆነ ጊዜ እየገፋሁ ወፍጮ ቤት እወስዳታለሁ። ወፍጮ ቤቱ ጄኔሬተር አለው። ባለወፍጮው ገመዱን እየሰካ፣ «ናፍጣ አትጠጣም ያሉኝ ይቺ አይደለችም እንዴ?» እያለ ይስቅብኛል። እውነቱን ነው። የሷን ናፍጣ ሌላ ሞተር ጠጥቶላት ነው የምትሄድ።

ብርድም አትወድም። በውርጭ ጧት ግማሽ ጉልበቷ የለም። ስለዚህ ማታ ማታ ባትሪዋ ላይ የበግ ለምድ ጣል አደርግባት ጀመር። ይህንንም አይተው ሳቁ። ይሳቁ። የደባርቅን ብርድ እኔ እንጂ የሠራት ሰው አያውቀውም።

ወደ ዳባት የመጀመሪያውን ጉዞ ብቻዬን ሄድኩ። መንገዱ አስፋልት ሆኗል። ወደዚያ ሲሄዱ ይበልጡን ቁልቁለት ነውና እንደ ውኃ ወረደች። ግን ጉዞው ጉዞ አልመስል አለኝ። የጭነት መኪናው ሲመጣ ከሩቅ ይሰማ ነበር። ሰው ከማሳው ቀና ብሎ እጁን ያነሣል፣ ልጆች ይሮጣሉ፣ ሸክም ያላት ሴት መንገድ ዳር ወጥታ ትጠብቀኛለች። አሁን አጠገባቸው ደርሼ ሳልፍ እንኳ ቀና የሚል የለም። በጎች እንኳ መንገዱን አልለቀቁልኝም። ስንት ዓመት ባውቀው መንገድ ማንም ሳያየኝ ዳባት ገባሁ።

እኅቴ በራፏ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ፊት ለፊቷ ቆምኩ። መኪና መቆሙን አላወቀችም።

«እታለም» አልኳት።

ደነገጠች። «ማነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«በምን መጣህ?»

«በመኪና።»

«ውሸታም! ዓይኔ ነው እንጂ የጠፋው ጆሮዬስ አለ። መኪና ደጄ ቆሞ አልሰማም?»

እጇን ይዤ አስነካኋት። መሪውን፣ ጎማውን፣ የዕቃ መጫኛውን ዳሰሰች። የበግ ለምዱ ላይ ስትደርስ እጇን ሰበሰበች። «ፀጉር አላት?» አለች። ከባሏ ቀብር ወዲህ አብረን ስንስቅ ያኔ መጀመሪያችን መሆኑ ነው።

ቀጥላ ግን ኮስተር አለች። «ሌላ ጊዜ ስትመጣ ድምፅ ይዘህ ና። እንደ ሌባ ደጄ ላይ አትቁምብኝ።»

«ክላክስ አላት።»

«የባጃጅ ክላክስ ቀኑን ሙሉ ስሰማ ነው የምውል። ያንተን በምን ልለየው?»

ለመመለሻ ዳገቱ አለና ባትሪዋን መሙላት ነበረብኝ። ገመዱን በመስኮት አስገብቼ ሰካሁ።

«ስንት ሰዓት ትበላለች?» አለች እኅቴ።

«ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ነው።»

«እሰይ» አለች።

ተቀመጥን። እኔና እሷ ልጅ ሆነን ካልሆነ እንዲህ ተቀምጠን አናውቅም። የምለው ጠፋኝ። ኋላ ሠራተኛዋን ጠርታ በሶ አስበጠበጠችና በእጄ አስያዘችኝ። «ያን ጊዜ ሞተርህ እየጮኸ የምልህን ትሰማ ነበር?» አለችኝ።

«ምን ነበር የምትይኝ?»

«በሶ በጥብጫለሁ ነበር የምልህ። ራስህን ትነቀንቅ ነበር ይሉኛል። ትሄዳለህ፣ እኔው እጠጣዋለሁ።»

በሶውን እስከ አተላው ጠጣሁት።

ቤቴ ስገባ ሳጥን ከፍቼ የአባታችንን የበቅሎ ቃጭል አወጣሁ። አባታችን ከመካነ ብርሃን መንገድ ሲመለስ በዚያ ቃጭል ነበር መምጣቱን የምናውቀው፣ እሷ ነበረች ቀድማ የምትሰማው። ከመሪው ሥር በጠፍር አሰርኩት። ደባርቅ ሳቀ። «በቅሎዋ ገብስ ነው ወይስ መብራት የምትበላ?» አሉኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ዳባት ስደርስ ግን ገና ከመታጠፊያው እኅቴ በራፏ ላይ ተነሥታ ቆማ አየኋት። «የአባባ በቅሎ!» አለች።

ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን ሄድኩ። መኪናዋ ትበላለች፣ እኛ እንቀመጣለን። ባትበላ ኖሮ እኔ ተነሥቼ እሄድ ነበር፣ ራሴን አውቀዋለሁ። ቁጭ ብሎ ማውራት አልችልበትም። ገመዱ ነው አስሮ ያስቀመጠኝ።

እያደር ጉልበቷ ቀነሰ። መጀመሪያ ለመመለሻ ስትሞላ እስከ ምሽት ቆየች። ቀጥሎ ሳትሞላ ወደ ዳባት መድረስ አቃታትና መሐል መንገድ ወቅን ላይ አንዲት ሻይ ሻጭ ጋ እየሰካሁ አረፍ ማለት ጀመርኩ። ኋላ ወቅንም ሩቅ ሆነ። ልጄን በስልክ ጠየቅሁት።

«አባዬ፣ እንዴት ነበር የምትሞላት?»

«ስታልቅ ነዋ።»

«እስክትቆም ነድተህ?»

«ሌላ እንዴት? ታንክ ሳያልቅ ነዳጅ የሚጨምር ሹፌር አይተህ ታውቃለህ?»

«ይሄ ታንክ አይደለም። ሳያልቅ ነው የሚሞላው። ባዶ ስታደርጋት ነው ባትሪው የሞተ።»

«ያላለቀ ነገር ይሞላል እንዴ?»

«አዲስ ባትሪ አሁን አገር ውስጥ የለም፣ ሲመጣ እልክልሃለሁ» አለኝ። ጠበቅሁ። ክረምት ገባ፣ ወጣ። መኪናዋ ግቢዬ ውስጥ ለምዷን ለብሳ ቆመች። የጎረቤቴ ስቶቭ ይሞቃል፣ አምፖሉ ይበራል፣ ይንቀሉልኝ የሚለኝ የለም። ግቢው እንዲህ ፀጥ ሲል ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ አላየሁም።

ከዳባት መልእክት መጣ። «ቃጭሉ ጠፋብኝ በሉት» ብላለች። ሌላ የላከችው ቃል የለም። ታማለች ወይ አልኩት መልእክተኛውን። «እህል ቀንሳለች» አለኝ።

በማግሥቱ ቃጭሉን ከመሪው ፈትቼ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ መናኸሪያ ሄድኩ። ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ወያላው አየኝና፣ «ኧረ ሹፌሩ! ዛሬ ተሸነፉ!» ብሎ ጮኸ። ሰው ዞሮ አየኝ። ሹፌሩ በመስታወቱ፣ «ጋሼ፣ ጋቢና ይምጡ እንጂ» አለኝ። «አንተ ዓይንህን ከመንገዱ አታንሣ» አልኩት። ከኋላ ወንበር ላይ፣ ከጆንያው አጠገብ ተቀመጥኩ። እንዳይጮኽ የቃጭሉን ምላስ በጋቢዬ ውስጥ በጣቴ ይዤው ዳባት ደረስኩ።

በሚኒባስ መጣሁ ልላት አልቻልኩም። እንዲያ ብላት፣ ሚኒባስማ ሁልጊዜ አለ፣ ታዲያ ይህን ሁሉ ወር ለምን ቀረህ ልትለኝ ነው። ከመታጠፊያው ላይ የቃጭሉን ምላስ ለቀቅሁትና እያወዛወዝኩ ወደ ደጇ ወጣሁ።

ከውስጥ፣ «መጣህ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከስታለች። አልጋዋ ላይ ደግፈው ቁጭ አድርገዋታል።

«መጣሁ።»

«ሰካሃት?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። «ሰካኋት» አልኩ።

ሠራተኛዋ በሩ ላይ ቆማ ውጭውን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ በሶ ልትበጠብጥ ገባች።

ተቀመጥን። ብዙ አላወራችም። እጄን ይዛ አንዳንዴ ታንቀላፋለች። ስትነቃ፣ «ገና ነች?» ትላለች። «ገና ነች፣ አርጅታለች፣ ቀስ ብላ ነው የምትበላ» እላለሁ። «ትብላ» ትላለች። «ተዋት ትብላ።»

የመጨረሻው ሚኒባስ ሳይመሽ ነው የሚነሣው። ስነሣ እጄን አልለቀቀችም። «ሞላች?» አለች።

«ሞላች።»

«በል ቀስ እያልክ ሂድ፣ ዳገት ነው።»

ከደጇ ወጣሁና ቃጭሉን ማወዛወዝ ጀመርኩ። በእግር የሚሄድ ሰው ቃጭል እንዳይመስል ፈጠን ማለት ነበረብኝ። ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ ጣልኩና እንደ መኪና ልሄድ ሞከርኩ። ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ሱቁ በር ላይ የተቀመጡ ሰዎች ቃጭል የያዘ ሽማግሌ ሲሮጥ አይተው፣ «አባባ፣ በቅሎዋ አመለጠችዎት?» አሉ። አልመለስኩላቸውም። መታጠፊያውን አልፌ፣ ከእሷ ጆሮ አይደርስም ያልኩበት ድረስ እያቃጨልኩ ሄድኩ።

ከዚያ ምላሱን በጣቴ ያዝኩና፣ አስፋልቱ ዳር ቆሜ ሚኒባሱን ጠበቅሁ።