ችካል ነቃዮቹ

ወሬ አላበዛም፤ ይህን ግን ሆዴ ውስጥ ማቆየት አቃተኝ። አዋሽ ዳር፣ ከበቆሎ ማሳዬ ጀርባ ያለውን ጫካ መንጥረው ቤት ሊሠሩበት የድርጅት ሰዎች ከነመሐንዲሳቸውና ከነዶዘራቸው መጥተው ካምፕ ተከሉ። ቀይ ጨርቅ ያሰሩበትን ችካል ቀን ይተክላሉ፤ ጠዋት ሲመጡ የለም።

መሐንዲሱ እኔን ጠረጠረ። «አባባ፣ የዶዘሩን ሹፌር ‹ቀይ ጨርቅ ያየህበትን ሁሉ ጥረግ› ብዬዋለሁ። ችካሉን ይመልሱ፣ አለዚያ ፖሊስ እጠራለሁ!»

«አልነካሁም» አልኩ።

«አባቴ ቢነቅለው እስካሁን ማገዶ ሆኖ ነበር!» አለች ልጄ።

እዚያው ፍየል የሚያግደውን አፋሩን ጎረቤታችንን ሀሰንን ጠየቅነው። አፋር ዳጉ የሚለውን ወሬ ሲለዋወጥ ያየውን ሁሉ በተራ ይናገራል፤ አይዋሽም፣ አያቋርጡትም።

ሀሰን ተደላድሎ ተቀመጠ። «ሰላም ነው። ዝናብ የለም። ግመሌ ወልዳለች።»

«ችካሉስ?»

«ቆይ እንጂ፣ ገና ግመሏ ላይ ነኝ!»

የግመሏን ወተት፣ የአማቱን ጉንፋን ጨርሶ፣ «ችካሉን ዝንጀሮዎች ነቀሉት» አለ። «ፍርፋሪ ወደሚለቅሙበት ወደ ካምፓችሁ ወሰዱት።»

መሐንዲሱ እየጮኸ ሮጠ። ስንደርስ የካምፑ ሽንት ቤት ተደርምሷል። የዶዘሩ ሹፌር ላቡን እየጠረገ «ቀይ ጨርቅ ያለበትን ጨርሻለሁ፣ አለቃ!» አለ።

ሀሰን ወሬውን ይዞ ከባድ መኪኖች ወደሚያልፉበት አስፋልት ወጣ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዳጉው ሰመራ ደርሶ የመሐንዲሱ አለቃ ከዚያ ደወለ፤ «ጫካውን ተወውና ሽንት ቤትህን ሥራ!»