አዳራሽ ሊያዩ የመጡት ሰው

ሰውዬው ከአንበሳሜ በኩል የመጡ ገበሬ ይመስላሉ። ጋቢያቸው ታጥቦ ነጥቷል፤ ዱላቸውን ግን ደብረ ታቦር መሀል፣ የሠርግ አዳራሽ ውስጥ ቆመውም ከእጃቸው አልለቀቁም። አዳራሹን የምታከራየው ውብአለም፣ እንደ ማንኛውም ደጋሽ ስለ ምግቡና ስለ ወንበሩ ይጠይቁኛል ብላ ጠበቀች።

«የጓሮው በር ከውጭ ይከፈታል?» አሉ።

«አይከፈትም።»

«ጠመንጃ የያዘስ ይገባል?»

«ደጅ ያስቀምጣል፣ አባቴ።»

«እምቢ ቢልስ?» እያሉ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ገፋ ገፋ አደረጓቸው።

ለውብአለም ሠርግ የሚደግሱ ሳይሆን ሰው ላይ የሚያደቡ መሰሏት።

«አንቱ የማን ወገን ነዎት?» አለች።

«የሙሽሪት አባት ነኝ። የሙሽራው ወንድም የበኩር ልጄን ገድሎብኛል። በሽማግሌ ታርቀን፣ ደሙ በዚህ ጋብቻ እንዲደርቅ ተስማምተናል። የቀሩት ወንዶች ልጆቼ ግን አልበረደላቸውም።» በዱላቸው የዋናውን በር ደፍ ነኩ። «የሠርጉ ዕለት እዚህች ላይ አንድ ወንበር አስቀምጪልኝ።»

«የሙሽሪት አባት እኮ የሚቀመጡት ከፊት ነው።»

«የለም ልጄ። ለደም የመጣ፣ መጀመሪያ እኔን ረግጦ ይግባ።»