ሰርዶና የተቃጠለ ዘይት

ጎፋ ከታክሲ ስወርድ ከጋራዦቹ በር የሚመጣው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሽታ እስከ ዛሬ ወደ ልጅነቴ ይመልሰኛል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። እኔ ቆም እልና ሳላስበው የእግሬን ስር አያለሁ፤ መሬቱ ቦታው ላይ መኖሩን ለማረጋገጥ ይመስለኛል። ባለፈው ሳምንት እንዲሁ ቆሜ ሳለሁ አንድ ወጣት መካኒክ አጥር ስር የበቀለውን ሣር ከጄሪካን ዘይት እያፈሰሰ ሲያጠጣው አየሁ። ምን እያደረገ እንደሆነ ብጠይቀው ሣሩን እየገደለው መሆኑን እየሳቀ ነገረኝ። ትቼው መንገዴን ቀጠልኩ። ለእሱ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

ያደግኩት መካኒሳ፣ ወንዙ አጠገብ ነው። ቤታችን የጭቃ ቤት ሆኖ ፊቱ ወደ መንገድ፣ ጀርባው ወደ ገደል ነበር። ከጓሮው ጫፍ ላይ መሬቱ በድንገት ተቆርጦ ቁልቁል እስከ ውሃው ይወርዳል። ያ አፋፍ ከዳር እስከ ዳር ሰርዶ ለብሶ ነበር። በበጋ ደርቆ፣ ቢጫ ሆኖ፣ ስንሄድበት ከእግራችን ስር ይንኮሻኮሻል፤ የሞተ ነው ብላችሁ ትምላላችሁ። አንድ ዝናብ ሲጥል ግን በሦስተኛው ቀን አረንጓዴ ነው። ግንዱ መሬት ለመሬት ይሳባል፣ በየአንጓው ስር ይሰዳል፣ አንዱን ስትነቅሉት አስሩ ተያይዞ ይመጣል፤ ከዚያም አስራ አንደኛው አፈር ውስጥ ይቀራል።

አባቴ መካኒክ ነበር፤ ለእሱ የተቃጠለ ዘይት የማይፈታው ችግር አልነበረም። ምሰሶውን ምስጥ እንዳይበላው ዘይት፣ ለዛገ ማጠፊያ ዘይት፣ በበጋ አቧራ እንዳይነሳ ደጁ ላይ ዘይት። እናቴ ራሴን ቢያመኝም እሱኑ ይቀባኛል እያለች ትስቅበት ነበር። የሚጠላው ነገር ቢኖር ሰርዶ ነው። ጎመን መደቡ ውስጥ እየገባ አሳሩን ያበላው ነበር፣ የሚመጣው ደግሞ በቆርቆሮ አጥራችን ስር ከጎረቤታችን ግቢ ነው።

ጎረቤታችን የቅመም ነጋዴ ሴት ነበሩ። ግቢያቸው ሁልጊዜ ኮረሪማና የደረቀ በርበሬ ይሸታል። ትውልዳቸው ከጉራጌ አገር ነው፤ እዚያ በቤቶቹ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ ሣር የሁሉም ስለሆነ ማንም እንደማያርሰው ይነግሩን ነበር። መካኒሳም መጥተው ያቺን ጠባብ ግቢያቸውን ሣር አልብሰዋት በየዓመቱ ለአረፋ የሚታረደውን በግ ያሰማሩባታል። አባቴ ሣርዎን ይሰብስቡልኝ ሲላቸው ሣሩ እግር አለው፣ እኔ አልላክሁትም ይሉታል። እንዲህ እየተባባሉ ዓመታት ኖሩ። ክፉ አልተነጋገሩም፣ ደግም አልተነጋገሩም።

ነገሩ የተበላሸው በእህቴ ሠርግ ነው። ግንቦት ላይ ነበር። የተከራየነው ድንኳን ከግቢያችን ሰፋ፤ አባቴ ደግሞ እንግዳ መንገድ ላይ አላስቀምጥም አለ። ስለዚህ ግቢውን እስከ አፋፉ ድረስ ሊያስለቅቅ ቆረጠ። ሰርዶውን በዶማ ፈነቀልነው። እንደገና እንዳይበቅል ደግሞ ከጋራዡ ዘይት በጄሪካን አመጣ። የማፈስሰው እኔ ነበርኩ። አስራ አራት ዓመቴ ነበር፤ አባቴ ለእንዲህ ያለ ሥራ ከወንድሜ እኔን መምረጡ ያኮራኝ ነበር። ዘይቱ ጥቁርና ወፍራም ነው፣ አፈሩ ላይ ትንሽ ያርፍና ቀስ ብሎ ይሰምጣል።

ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ያዩን ነበር።

"የሙሽራዋ አባት፣ ጎመን መደቡን እንደፈለጉ ያድርጉት። የአፋፉን ግን አይንኩት። መሬቱን ይዞት ያለው እሱ ነው።"

አባቴ መሬቱን የያዘው ከስር ያለው ድንጋይ መሆኑን ነገራቸውና ወደ እኔ ዞሮ ቀጥይ አለኝ። ቀጠልኩ። ዛሬም ድረስ የምትቆጨኝ ያቺ ቅጽበት ናት፤ የሰማሁት እኔ ነኝ፣ ያፈሰስኩትም እኔ ነኝ።

ሠርጉ አማረ። የእህቴ ቬሎ ጫፉ በዘይት ጠቁሮ ዋለ እንጂ ሌላ ጉድለት አልነበረውም። እሷም ለሚዜዎቿ አባቴ ፈረመበት እያለች ስቃ አሳለፈችው።

ሰኔ ገባ። የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች ማንም ልብ አላለም። አንድ ጠዋት ግን አፋፉ ላይ ጣቴን የሚያስገባ ስንጥቅ አየሁ፤ በማግስቱ ከስንጥቁ ወዲያ የነበረው መሬት የለም። ድምፅ እንኳ አልሰማንም። አባቴ ከጀርባ ግድግዳው ተነስቶ ወደ ገደሉ ተራመደ። አስራ አንድ እርምጃ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ከሥራ ሲመለስ፣ ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ ይለካል። ዘጠኝ። ስምንት ተኩል። ሰባት። እናቴ ቁጥሩን አትጠይቀውም፤ ፊቱን አይታ ታውቃለች።

ከሁሉ የሚያስፈራው የጎረቤታችን ጎን ነበር፤ ምንም አልሆነማ። ያው ዝናብ፣ ያው ገደል፣ በመሃል አንድ ቆርቆሮ ብቻ። የእሳቸው አፋፍ አረንጓዴ ሆኖ ወደ ፊት ወጥቶ ሲቆም የእኛ እንደተገመጠ ዳቦ ወደ ውስጥ ገባ። ሰርዶው ላይ ውሃው ሲደርስ ፍጥነቱን ያጣል፣ ጥርት ብሎ ይወርዳል። ከእኛ በኩል ግን ዘይት የጠጣው ባዶ አፈር ላይ ተንሸራትቶ፣ ቦይ ቆፍሮ፣ ቀይ ሆኖ ይፈሳል። የአጥራችን የመጨረሻዎቹ ሁለት ቆርቆሮዎች ስራቸው መሬት አጥቶ አየር ላይ ተንጠለጠሉ፤ ነፋስ ሲነካቸው ይጮሃሉ።

አባቴ ድንጋይ አስገልብጦ ደረደረ። ድንጋዩ በሳምንቱ ወንዝ ወረደ። እናቴ የክት ልብሶቻችንን፣ የሠርጉን ፎቶዎችና የቤቱን ሰነድ በማዳበሪያ ከረጢት አስራ በር አጠገብ አስቀመጠች። ስድስት እርምጃ ሲቀር የጀርባው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ፣ በስንጥቁ ብርሃን ይገባ ጀመር። ቤታችን ሊሄድ ነበር። ስለ ዘይቱ ግን በቤታችን ቃል የተነፈሰ አልነበረም፤ አባቴ እንኳን ሊናገር፣ ከዚያ ወዲህ ከጋራዥ ጄሪካን ይዞ መጥቶ አያውቅም።

እኔ የራሴን መላ ዘየድኩ። ትምህርት ተዘግቶ ነበር። ጎረቤታችን ገበያ ሲወጡ በተንጠለጠሉት ቆርቆሮዎች አጠገብ ባለው ክፍተት ሾልኬ እገባና ከሰርዶአቸው ነቅዬ፣ በቀሚሴ ይዤ ተመልሼ፣ በእኛ በኩል አፋፉ ላይ እተክላለሁ። በሳምንቱ ሁሉም ጠውልጎ ስሩ ጠቁሮ አገኘሁት። ደግሜ ተከልኩ። እሱም ጠቆረ። ማልቀስ አማረኝ፤ በዶማ ተፈንቅሎ የማይሞት ሣር፣ ስንለምነው አልበቅልም አለን።

በሦስተኛው ጊዜ ጎረቤታችን ያዙኝ። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ዝናቡ ቆም ብሎ ፀሐይ ቦግ ብላለች። በእኛ በኩል አፋፉ ላይ ተንበርክኬ እጄን በቆርቆሮው ስር ወደ እሳቸው ሰድጄ ሰርዶ እየጎተትኩ ሳለ እግራቸውን አየሁ። እንደሚጮሁብኝ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩኝ።

"እንዳትንቀሳቀሺ የኔ ልጅ። የያዝሽውን ሣር እንዳትለቂው።"

ለምን እንዳሉኝ የገባኝ ጉልበቴ ስር ያለው መሬት ሲቀዘቅዘኝ ነው። ከኋላዬ ተሰንጥቆ ውሃ ገብቶበት ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ረዥም ትንፋሽ የተነፈሰ መሰለኝና መሬቱ ከስሬ ሄደ። ደረቴ ከእሳቸው አፋፍ ጋር ተጋጨ፣ እግሬ ባዶ ቦታ ተወራጨ። በሁለት እጄ የጨበጥኩት ያንኑ ሰርዶ ነበር። ሲለጠጥ ይሰማኛል፣ አንዳንዱ ስር ጣ እያለ ይበጠሳል፣ የቀረው ግን ያዘኝ። የአፈር ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ የእሳቸው አፈር ዘይት ዘይት አይልም ነበር። ጎረቤታችን በሆዳቸው ተኝተው የእጄን አንጓ እስኪይዙት ድረስ ሣሩ ብቻውን ይዞኝ ቆየ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ለእኔ ረዥም ነበር።

አባቴ የእናቴን ጩኸት ሰምቶ፣ ዞሮ በእሳቸው በር ሲገባ ሣሩ ላይ ተቀምጬ ነበር። መዳፌን ገልብጦ አየው፤ የሰርዶው ግንድ ቆዳዬን ቆርጦት አረንጓዴና ደም ሆኗል። ከዚያ የእኔን ምስኪን ችግኞች በአጥሩ በኩል አያቸው። ገባው። አባቴ ሲያለቅስ አላየሁም፣ ያን ቀንም አላለቀሰም፤ ግን አገጩን መቆጣጠር አቅቶት ነበር።

ጎረቤታችን ቀሚሳቸውን አራግፈው ተነሡ። "ዘይት በጠጣ አፈር ላይ አይበቅልላትም" አሉት። "መጀመሪያ አፈሩ ይነሣ።" ከዚያ ከጓዳቸው ዶማ ይዘው ወጡና የገዛ ግቢያቸውን ሰርዶ ከነአፈሩ እንደ ምንጣፍ ይገሸልጡት ጀመር።

"እትዬ፣ በጉስ?" አለ አባቴ።

"ለበጉ እኔ አስብበታለሁ። እርስዎ ከረጢት ያምጡ።"

በዝናብ መሃል ፋታ እየሰረቅን አራት ቀን ሠራን። ዘይት የነካውን አፈር አንድ ክንድ ያህል ቆፍረን አወጣን። ከጣሪያው የሚወርደውን ውሃ በአሸንዳ ወደ መንገድ መለስነው። አፋፉ ላይ አፈር የሞላ ከረጢት ደርድረን፣ በላዩ ሰርዶውን አልብሰን፣ በባሕር ዛፍ ችካል ቸነከርነው። በአምስተኛው ቀን ቀትር ላይ የዚያን ክረምት ትልቁ ዝናብ መጣ። ከጎረቤታችን ጋር ሁላችንም በእኛ ጣሪያ ጠርዝ ስር ቆመን አፋፉን እናይ ነበር፤ እናቴ ለጸሎት ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ውሃው ሣሩ ላይ ደረሰ፣ ተንገዋለለ፣ ቀስ ብሎ አለፈ። ሲያባራ አባቴ ወጥቶ ተራመደ። አራት እርምጃ ነበር። በማግስቱም አራት፣ ነሐሴ ሲያልቅም አራት።

የጎረቤታችን ግቢ ግን ጭቃ ሆነ። በርበሬ የሚያሰጡበት ደረቅ ቦታ አጡ፣ በጉ ከሳ። አንድ ቀን አባቴን የሣር ሸክም በትከሻው ይዞ መንገድ ላይ አየሁት። ቱታው ላይ ዘይት፣ አንገቱ ላይ ሣር፤ አላፊ አግዳሚው ዞሮ ያየዋል። በራቸው ላይ አራግፎት፣ አንኳኩቶ፣ ሳይከፈት ሄደ። እስከ አረፋ ድረስ ሳያቋርጥ እንዲህ አደረገ። ይቅርታ ይጠይቃቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። አልጠየቀም። ተናደድኩበት፤ ልጅ ነበርኩና ይቅርታ የሚባለው በአፍ የሚወጣው ብቻ ይመስለኝ ነበር።

መስከረም ላይ፣ እሁድ ቀን፣ የቆርቆሮ መቀስ ይዞ ከአጥሩ ስር ተቀመጠ። የአጥራችንን ቆርቆሮ ከታች አንድ ስንዝር እየቆረጠ፣ ከመንገዱ ጫፍ እስከ አፋፉ ድረስ፣ ቀኑን ሙሉ ሲያንቋቋው ዋለ። እናቴ አበደ አለች። ጎረቤታችን ወጥተው ምን እያደረጉ ነው ሲሉት ማለፊያ እያበጀሁ ነው አለ። ለማን ቢሉት በአገጩ ወደ ሣሩ ጠቆመ። በዓመቱ ጎመን መደቡ ሰርዶ ለበሰ፣ አፋፋችን ላይ በሰርዶው መሃል አደይ አበባ በቀለ።

ያ ሰፈር አሁን የለም። ተነሥተን ተበተንን፤ እኛ ጎፋ ኮንዶሚኒየም ገባን፣ ጎረቤታችን የከተማው ሌላ ጫፍ ደረሳቸው። አባቴ ከዚያ አጥር አንዱን ቆርቆሮ ፈትቶ ይዞት መጣና በረንዳው ላይ ለዝናብ መከለያ አቆመው። ከታች እጁ እንደደከመ የሚያሳብቅ ወጣ ገባ አለው። ቆራሌው በስር ሲጮህ እናቴ እንሽጠው ትላለች፣ እኔ እሺ አልላትም።

አባቴ ያረፈው አምና ነው። በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ጎረቤታችን መጡ፤ አርጅተው፣ በልጃቸው ተደግፈው፣ ሦስት ፎቅ በእግራቸው ወጥተው። በረንዳው ላይ ወንበር አወጣሁላቸውና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። መዳፌን ገልብጠው ጠባሳውን አዩት። ያኔ ለዓመታት የያዝኩትን ተናገርኩ፤ አባቴ ይቅርታ ሳይጠይቅዎ ሞተ፣ እኔ ስለ እሱ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ አልኳቸው። ቆርቆሮውን አይተውት ነበር። እጃቸውን ዘርግተው ወጣ ገባውን ጠርዝ በጣታቸው ዳሰሱት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ቀስ ብለው።

"ጠይቀውኛል እንጂ የኔ ልጅ" አሉኝ። "ያን እሁድ ከጠዋት እስከ ማታ ስሰማቸው ነው የዋልኩት።"