ማሽኑ ዝም ያለ ዕለት

መርዋ ሃሩን ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ እኔ ከእሷ በታች ሁለተኛው ላይ ነኝ። የስፌት መኪናዋን ጩኸት ከማንም በላይ የቻልኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ታሪኳን ለመናገርም ከማንም በላይ መብት ያለኝ ይመስለኛል።

አሥራ አራት ዓመት ጫማ ፋብሪካ ሠርታለች። ሥራዋ የጫማ ምላስ መስፋት ነበር፤ ማለትም ከማሰሪያው ሥር የሚገባውን፣ እግር በገባና በወጣ ቁጥር የሚታጠፈውን ቁራጭ ቆዳ ከገበሩ ጋር ማያያዝ። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ እሷም ከተቀነሱት ጋር ወጣች። ቤት ተቀምጣ አላዘነችም። በሳምንቱ ያገለገለ የቆዳ ስፌት መኪና ገዝታ፣ በአራት ሰው ደረጃውን አስወጥታ መስኮቷ ሥር አስተከለችው። ቀበቶና የኪስ ቦርሳ እየሰፋች ለሱቆች ማስረከብ ጀመረች። ሥራ አላጣችም፤ ግን እንደ እሷ የሚሰፋ በየሰፈሩ ሞልቷል። ባለሱቆቹም ቦርሳዋን አገላብጠው ሳያዩ ጥግ ላይ ይቆልሉት ነበር።

ነገሩ የተለወጠው ታላቅ ወንድሟ ሸምሱ ከኢስታንቡል የተመለሰ ጊዜ ነው። ሸምሱ የልብስ ነጋዴ ነው፤ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ እየሄደ ዕቃ ያመጣል። በዚያ ጉዞው በተጨናነቀ ባቡር ሲሄድ ውሎ ማታ ስልኩን ሲከፍት፣ እሱ ረግጦት በማያውቀው ሱቅ ሁለት ጊዜ ዕቃ እንደገዛ የሚገልጽ መልእክት ከባንኩ ደርሶታል። ካርዱ ከነቦርሳው ኪሱ ውስጥ ነው። ደውሎ ሲያመለክት ባንኩ ካርዱን ዘጋው። ሸምሱም በሰው አገር ባዶ እጁን ቀርቶ፣ አንድ የአገሩ ልጅ ደርሶለት ነው ወደ ቤቱ የገባው።

ይህንን ለእህቱ ሲነግራት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። ሃያ ዓመት ነግዶ እንዲህ መታለሉ አሳፍሮታል።

«ካርዱ ከኪሴ አልወጣም፤ የሰው እጅም አልነካኝም። እንዴት አድርገው እንደወሰዱት እስካሁን አልገባኝም» አላት።

መርዋ ያን ዕለት ሥራ አልያዘችም። ወንድሟ የያዘው ቦርሳ እሷ የሰፋችው ነበር፤ ይህ ነው ያንገበገባት። በማግስቱ ጠዋት መካኒሳ አቦ አካባቢ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን ኤልዳድ የሚባል ወጣት ጋ ሄደች። ኤልዳድ ቁጥብ ሰው ነው፤ የማያውቀውን አውቃለሁ አይልም። በሸምሱ ላይ የደረሰው በዚህ መንገድ ይሁን በሌላ በእርግጠኝነት መናገር እንደማይችል አስቀድሞ ነገራት። ከዚያ በኋላ አሠራሩን አስረዳት። አዳዲሶቹ ካርዶች ወደ ማሽን በማስጠጋት ብቻ ይከፍላሉ፤ ስለዚህ ማሽን የያዘ ሌባ በጣም ከተጠጋ ካርዱ ቆዳውንና ጨርቁን አልፎ ምላሽ ሊሰጠውና ሊከፍለው ይችላል። አዲሱ ፓስፖርትም ቺፕ አለው፤ ነገር ግን ፓስፖርቱ ተከፍቶ ውስጡ የተጻፈው ካልታየ ቺፑ በቀላሉ አይነበብም። ሁለቱንም ብረት ነክ ነገር ከከለላቸው ዝም ይላሉ።

ይህንን እንደሰማች በቀጥታ ሱቅ ገብታ ምግብ የሚጠቀለልበትን ፎይል ገዛች። በቆዳውና በገበሩ መካከል አንጥፋ፣ በማስቲሽ አጣብቃ ሰፋችው። መሞከሪያ ካርድ ከእኔ ተዋሰች፤ ሁለታችን ሰፈራችን ካለው ሱፐርማርኬት ሄደን፣ ገንዘብ ተቀባይዋን አስፈቅደን ቦርሳውን በካርድ የሚከፈልበት ፖስ ማሽን ላይ አስቀመጥነው። ማሽኑ ድምፅ አላሰማም። መርዋ በደስታ ክንዴን ጨብጣ እስኪያመኝ ያዘችኝ። በዚያው ሳምንት ስድስት ሰፍታ ወደ ውጭ ለሚጓዙ የምታውቃቸው ሰዎች ሰጠች።

ከአንድ ወር በኋላ ከስድስቱ አንዷ ቦርሳውን መለሰችላት። ሴትየዋ ዱባይ ደርሳ የተመለሰች ናት። ሱቅ ውስጥ ቦርሳዋን ሳትከፍት የመክፈያ ማሽኑ አጠገብ ብታስቀምጠው ከካርዷ ላይ ሒሳብ ቆርጦባታል። መርዋ ስፌቱን ተርትራ ውስጡን አየች። ፎይሉ መታጠፊያው ላይ ተሰነጣጥቆ፣ ከፊሉም ዱቄት ሆኖ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር፤ ከአምስቱ ሰዎች አንዳቸውም የሚያውቁት ነገር አልነበረም። እሷ ግን በማግስቱ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። ፉሪ ድረስ ሄዳ አንዱን፣ ለቡ ሄዳ ሌላውን፣ እንዲህ እያለች አምስቱንም በእጇ ሰበሰበች። ለእያንዳንዳቸው ቦርሳው እንደማይሠራና ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ ነገረቻቸው። ሲመሽ ደረጃው ላይ አገኘኋት፤ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። በቃኝ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ያለችኝ፣ «ፎይል ሲታጠፍ ስለሚሰነጠቅ የሚታጠፍ ነገር መፈለግ አለብኝ» ነው።

ያን የሚታጠፍ ነገር ያገኘላት ኤልዳድ ነው። ከአንድ ትልቅ ሥራ የተረፈው፣ በመዳብ የተለበጠ ስስ ጨርቅ ሱቁ ውስጥ ነበረው፤ ሲነኩት ሐር ይመስላል፤ እንደ ልብ ይጨመደዳል፤ አይሰበርም። አዲሱ ቦርሳ ተሰፍቶ ሱፐርማርኬቱ ውስጥ ሲሞከር ግን ማሽኑ አሁንም አልፎ አልፎ ይጮህ ነበር። ሁለቱም ተቸገሩ። ኤልዳድ ጨርቁን ደርቢው አላት፤ ደረበችው፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ ቀዳዳውን ያገኘችው መርዋ ራሷ ናት። ካርዱ በሚገባበት በላይኛው አፍ በኩል ክፍት ነበር።

እዚህ ላይ አሥራ አራት ዓመት የሰፋችው የጫማ ምላስ ትዝ አላት። ምላስ በሁለቱም ጎን ከቆዳው ሥር ገባ ብሎ ይደራረባል፤ ስንት ጊዜ ቢታጠፍ አይላላም። የቦርሳውን አፍ በዚያው አሠራር ዘጋችው፤ ጨርቁ ጨርቁ ላይ እንዲተኛ፣ ክር ያለፈበት ቦታም እንዲሸፈን አድርጋ። ከዚያ ቁጭ ብላ አንድ ሺህ ጊዜ ከፈተችው፤ ዘጋችው። ይህን የማውቀው ቁጥሩን ጮክ ብላ ስትቆጥር ጣሪያዬን አልፎ ስለሰማኋት ነው። ከሺው በኋላ ሱፐርማርኬቱ ሄዳ በእኔ ካርድ ሞከረችው። ማሽኑ ዝም አለ። ኤልዳድ ካርድ በሚያነበው ስልኩ ሞከረ። እሱም ዝም አለ።

መካኒሳ መንገድ ዳር የጉዞ ሻንጣ የሚሸጡ አቶ እንግዳ የሚባሉ ነጋዴ አሉ። መርዋ ሦስት ቦርሳና ሁለት የፓስፖርት መያዣ ይዛ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። አቶ እንግዳ ሳይነሡ፣ ጋሻ የተሣለባቸውን የውጭ ቦርሳዎች በመስታወቱ ውስጥ በጣታቸው አሳዩዋት። ከሌባ የሚከላከል ዕቃ እንዳላቸው፣ ደንበኛም የሚወደው የውጭውን እንደሆነ ነገሯት።

«ጋሽ እንግዳ፣ በራስዎ ማሽን፣ በራስዎ ካርድ እንሞክረው። የእኔ ከጮኸ ተመልሼ አልመጣም» አለቻቸው።

ሱቁ ውስጥ ዕቃ የሚመርጡ አራት አምስት ሰዎች ዞር ብለው አዩ። አቶ እንግዳ ካርዳቸውን አውጥተው በመጀመሪያ ጋሻ ባለበት ቦርሳ ውስጥ ከተቱት። አንድ ብር መቱና ማሽኑን አስጠጉት። ጮኸ። ሌላ አወጡ፤ ጮኸ። ሦስተኛውም እንደዚያው። አንዲት ደንበኛ ሳቋን በእጇ ሸፈነች። ቀጥሎ ካርዱ የመርዋ ቦርሳ ውስጥ ገባ። ዝም። ገለበጡት፤ ዝም። በጎን አስጠጉት፤ አጣጥፈው ጨመቁት፤ በአፉ በኩል ማሽኑን አስነኩት። ዝም። ሦስቱንም እንዲህ ሞከሩ። ከዚያ ተነሡና ጋሻ ያለባቸውን ቦርሳዎች ከመስታወቱ ውስጥ አንድ በአንድ ማውጣት ጀመሩ።

በወር የምታደርስላቸውን ያህል ሁሉ እንደሚወስዱ ነገሯት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ደንበኛ እንዲያምን ላዩ ላይ የውጭ ስም ይታተምበት አሉ። መርዋ ቦርሳዋን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች።

«የተሰፋው ጀሞ ነው። የሚጻፍበትም የእኔ ስም ነው» አለች፤ በለሰለሰ ድምፅ።

አቶ እንግዳ አንዷን ቦርሳ መልሰው ከእጇ ተቀበሉና፣ «እንግዲያው ጉልህ አድርገሽ ጻፊው፤ መስታወቱ ፊት ለፊት ነው የማስቀምጠው» አሏት።

ዛሬ መርዋ ምድር ቤት ክፍል ተከራይታለች፤ ጣሪያዬም ዐረፈ። ከፋብሪካው አብረዋት የወጡ አራት ሴቶች አብረዋት ይሰፋሉ። ከበሩ የሚወጣ እያንዳንዱ ቦርሳ በማሽን ይፈተናል። ሊገዛ ለሚመጣ ሁሉ፣ ይህ ቦርሳ ኪስ ከሚገባ እጅ እንደማያድን፣ የባንኩን መልእክትም በየቀኑ ማየት እንደሚያስፈልግ ትናገራለች። አንዳንዱ ገዢ፣ «ሻጭ ዕቃውን እንዲህ ያጥላላል ወይ?» ብሎ ይገረምና ሁለት ይገዛል።

ሸምሱ ባለፈው ወር ኢስታንቡል ደርሶ በሰላም ተመለሰ። ሲሄድ ነጋዴ ጓደኞቹን ሰብስቦ ሱቋ ይዞ መጥቶ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ፣ ሁሉም እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ይቺ እህቴ ናት» አላቸው።